ራጊብን ከመዝገብ ስለ መሰረዝዎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን ለኡስታዝ ዐብደልመቅሱድ
ታንታ፣ ግብፅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከቢሮዎ ወደ ክፍላችን የሚያመጣውን ደረጃ ዓመቱን ሙሉ ስላልወጡት፣ እኛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሕመሙ ጠንቶብዎት ይሆን እያልን ተጨንቀናል። እኔ በሰልፍ ሰዓት ማይክራፎንዎን ነጭ ሽንኩርት የቀባሁት ሻዝሊ ነኝ።

አንደኛ፣ የሥነ ልቦና መምህራችን ኡስታዝ በዩሚ የጭንቀትን ምዕራፍ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ሰው ፊት ሲቆም የሚንቀጠቀጠውን ጓደኛዬን ራጊብን፣ «አንተ ሙሃለቢያ፣ እንደዚያ የወተት ጣፋጭ እየተንቀጠቀጥክ ና፤ ዛሬ መጽሐፉ አንተ ነህ» ብለው ሰሌዳው ፊት አቆሙት። ላቡንና የደረቀ ከንፈሩን በጠመኔው እያመለከቱ «ይሄ ምልክት ነው፣ ጻፉ፤ ይሄም ምልክት ነው፣ ጻፉ» አሉን። ሱሪው ሲረጥብ «ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም፣ በትርፍ ያዙት» ብለው ሳቁ። እኔ ራሴ ቀልድ ወዳድ ነኝ፤ እንዲህ የሚያቅለሸልሽ ቀልድ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ራጊብ ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣም።

ሁለተኛ፣ ቀረ ብለው ከመዝገብ ስለሰረዙት፣ የመልቀቂያውን ፈተናም ስለከለከሉት፣ ለሕግ ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ። በኡስታዝ በዩሚ የግል ማስጠኛ ከፍለው የሚማሩት ልጆች ከረመዳን በፊት ጀምሮ ክፍል ረግጠው አያውቁም፤ ስማቸው ሲጠራ ግን ኡስታዝ ራሳቸው «አለ፣ አለ» እያሉ ይመዘግቧቸዋል። እኔም ከእሳቸው ተምሬ፣ ገና ሳይሰረዝ የራጊብ ስም ሲጠራ «አለ» አልኩ። «አንተ ዱርዬ፣ የሌለ ሰው አለ ትላለህ?» ብለው በጆሮዬ እየጎተቱ እርስዎ ዘንድ አመጡኝ። እርስዎም ስለ እውነተኛነት መከሩኝ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ጆሮዬ ስላበጠ ግማሹ አልገባም እንጂ።

የባሰው ግን እናቱ ቢሮዎ ድረስ መጥተው «ጌታዬ፣ ልጄ ሰው ፈርቶ ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም» ሲሉዎት፣ «እንግዲያው ለሥነ ልቦና መምህሩ ያሳዩት» ማለትዎ ነው። ሴትዮዋ እስካሁን ያለቅሳሉ።

ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ፈተናው ሳይደርስ የራጊብን ስም ይመልሱ።

ለክብርዎ ዝቅ ብዬ፣ አፍንጫዬን ግን ይዤ፣
ታዛዥዎ ሻዝሊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልለጥፈው ሄጄ አንባቢ አጣሁ። ስለዚህ ማስጠኛው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያ መምህሩም ተማሪዎቹም አሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ድርሻዎን ሊወስዱ ሲመጡ እርስዎም ያነቡታል።