ስሟን አልጻፍኩም ነበር

ሰኞ

ሁሉም «በጣም ጥሩ» ነው። ስለማዘጋጀው የጤና መጽሔት ሠራተኞቹ አስተያየት እንዲሰጡበት ለየጤና ኬላው የበተንኩት ቅጽ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ጽሑፉ? በጣም ጥሩ። አቀራረቡ? በጣም ጥሩ። አንዷማ ጭራሽ ገና ያልጀመርነውን አምድ «በጣም ጥሩ» ብላዋለች። ኧረ በሕግ!

ስናደድ ቆይቼ ቆይቼ ጥፋቱ የራሴ መሆኑ ገባኝ። ቅጹን የላክሁት በተቆጣጣሪዎች እጅ ነው። ሥራሽን ገምግሞ ነጥብ ሊሰጥሽ በመጣ ሰው ፊት ማን ደፍሮ «አይረባም» ብሎ ይጽፋል? እኔም ብሆን አልጽፍም።

ለሚቀጥለው እትም ያሰብኳቸው፦ «አንባቢ ይጠይቃል»፣ «የመድኃኒት ጥግ»፣ «የተሳሳትንበት»። የመጨረሻው ባለሙያ የገዛ ስህተቱን የሚናገርበት ነው። አለቃዬ ዶክተር መላኩ ሲሰማ ሳቀ። «ማን ይጽፍልሻል ሲስተር?» አለኝ።

ልወጣ ስል አንዱን ቅጽ ገለበጥኩት። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ አለ። ከጎብዬ ከተማ ወዲያ ባለው ጤና ኬላ የምትሠራው የዘይነባ ነው። «ሲስተር፣ ባለፈው እትም የጻፍሻትን የቲቢ ታማሚ ሰው ሁሉ ለይቷታል። መድኃኒቷን ትታለች።»

በቃ ይኸው ነው። ቅጹን ይዤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ

ስሟን አልጻፍኩም ነበር። እዚህም አልጽፈውም። ግን የጻፍኩትን ዛሬ ደግሜ አነበብኩት፦ ከጎብዬ በስተምሥራቅ ያለ ቀበሌ። የሰባት ልጆች እናት። ባሏ አፋር ወርዶ ግመል የሚነግድ። አምና መንታ የወለደች። ታዲያ ከማን ነው የደበቅኳት? ደሴ ላለ አንባቢ ደብቄያት ይሆናል። ለጎረቤቶቿ ግን ከነደጃፏ ነው ያሳየኋት።

ዘይነባን ደወልኩላት። «ወላሂ እኔም አለሁበት» ብላ አለቀሰች። ቀበሌያችን መጽሔት ላይ ወጣ ብላ በደስታ ገጹን ቀድዳ የጤና ኬላው በር ላይ ለጥፋው ነበር። ልጅ ሊያስከትቡ የመጡ አባቶች ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ውሃ ስትቀዳ ሰው ከአጠገቧ ገለል ይላል አሉ።

መድኃኒቱን አራት ወር ውጣለች። ሁለት ወር ነበር የቀራት። አሁን ካቆመች በሽታው ተመልሶ ይነሳል፣ ያኔ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ላይበግረው ይችላል። መንታዎቹስ? ምሳ አልበላሁም። መቀመጥም አልቻልኩም።

ረቡዕ

ዶክተር አትሂጂ አለኝ፤ ነገሩን ታብሺዋለሽ ባይ ነው። ሄድኩ። ከቆቦ እስከ ጎብዬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። ነጭ ጋዋኔን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ሜዳው ሁሉ ማሽላ አጨዳ ላይ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል።

ቤቷ ብሄድ ሌላ ወሬ ይሆናል። ዘይነባ የመንታዎቹን ክትባት ሰበብ አድርጋ ላከችባት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅናት።

አልመጣችም።

በሩ ላይ ወረቀቱ የተለጠፈበት ሙጫ አሁንም አለ። ቁጭ ብዬ በጥፍሬ ስፍቀው ዋልኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሐሙስ

ዛሬም ሄድኩ። መጣች! ማጭዷን እንደያዘች፣ አልቀመጥም ብላ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

አዎ አልኳት። ይቅርታ ለመጠየቅ ምን ምን እንደምል መንገድ ላይ ሳሰላስል ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። አጥፍቻለሁ ብቻ አልኩ።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለች። ለካ እስከ ዛሬ ያነበበላት ሰው የለም፤ የሰማችው ሐሜቱን ብቻ ነው። አነበብኩላት። «በግንዛቤ ማነስ ምክንያት ዘግይታ ወደ ሕክምና መጣች» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ምን ማለት ነው እሱ?»

ሳታውቅ ቀርታ ዘገየች ማለት ነው አልኳት።

«ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ» አለች። «ቆቦ እናንተ ዘንድ ድረስ፣ አንዱን አዝዬ አንዱን አቅፌ። ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ ዘበኛው መለሰኝ።»

ወይ ጉድ። ለምን እንደዘገየች አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። «የግንዛቤ ማነስ» የምትለዋን ሐረግ ዘግይቶ ለመጣ ሁሉ ነው የምለጥፋት፤ እጄ ለምዷታል። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

የሚቀጥለው እትም ላይ አርሜ ልጻፈው አልኳት።

«ስለ እኔ አትጻፊ» አለች። «ስለ ራሳችሁ ጻፊ።»

መድኃኒቱን ይዤላት ነበር። አየችው፣ አልነካችውም። እህሉን ወፍ ይበላዋል ብላ ወጣች። ለዘይነባ ትቼላት ተመለስኩ።

ዓርብ

የቀሩትን ቅጂዎች ከየጤና ኬላው አስመልሳለሁ። ከእንግዲህ የአንድም ታማሚ ታሪክ ለባለቤቱ ሳይነበብለትና ፈቃዱን ሳይሰጥ አይታተምም። ቅጹ ስም የለሽ ይሁን። ተቆጣጣሪ አይንካው።

«የተሳሳትንበት»ን ራሴ ጻፍኩት። እሷ የለችበትም፣ ቀበሌም የለበትም። እኛ ብቻ ነን፦ ቢሮ ዘግተን ስብሰባ መግባታችን፣ ከደጅ የመለስነውን ሰው ዘገየ ብለን መክሰሳችን። አምስት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት።

ለዶክተር ሰጠሁት። አነበበ። ይሰርዘዋል ብዬ ነበር። «እነዚህን ስብሰባዎች የምጠራው እኔ ነኝ እኮ» አለ። ከዚያ ከታች የራሱን ስም ጨመረበት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከዘይነባ ወሬ የለም። አራቴ ደወልኩ፣ ኔትወርክ የለም ይለኛል። ጽሑፉ ቢያምር ሴትየዋ ካልዋጠች ምን ሊያደርግልኝ!

ቅዳሜ

ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ስልኩ ጮኸ። አረፋውን ሳልጠርግ አነሳሁት።

ዘይነባ ናት። «መጣች!»

«ዋጠች ወይ?»

«ዋጠች። ፊቴ ቆማ፣ ውሃውን ከቤቷ ይዛ መጥታ።»

ምንም አለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ነገ አጨዳ አለብኝ፣ በጠዋት ክፈቺ ብላታለች።

ነገ እሑድ ነው፤ ጤና ኬላው አይከፈትም። ዘይነባ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ ብላለች።