በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ የቀረ ጥላ

እትዬ ከዳቦ ጋጋሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሌላም ስም ነበራቸው፤ ነገር ግን ታናናሾቻቸው «እትዬ» ሲሏቸው ሰፈሩ ተቀበለ፣ ከሰፈሩም መሥሪያ ቤቱ ወሰደው፣ በመጨረሻ የገዛ ባለቤታቸው እንኳ በሌላ አልጠሯቸውም። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ናት። «ስሞት መልካም መልካሙን ብቻ እንዳታስነብቢ፤ የሳቂታው ነገር እንዳይቀር» የሚል አደራ ስላለባት፣ ለቀብር ጽሑፍ ረዘም ቢል ሐዘንተኞች ይታገሷት ዘንድ ትለምናለች።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለዋል። በልጅነታቸው የእናታቸው የስፌት መኪና ሞተር በቆመ ጊዜ ማንንም ሳያስፈቅዱ ፈትተው ገጠሙት። አንዲት ብሎን ተረፈቻቸው፤ መኪናው ግን ተነሣ። እናታቸው ያችን ብሎን ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ «ሠሪዎቹ አብዝተው ነው፤ ልጄ አስተካከለችው» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው የታወቀ ሆነ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በኤሌክትሪክ ሙያ በማዕረግ ተመረቁ፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍልም ተቀጠሩ። የትዳር ጓደኛቸውን ያገኙት እዚያው ነው። ባለቤታቸው በእንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩ ዝምተኛ አናጺ ነበሩ። ማንም ያላዘዘውን መደርደሪያ እየሠሩ ወደ ጥገና ክፍሉ ሲያመላልሱ ቆይተው፣ ግድግዳው በሞላ ጊዜ እትዬ ራሳቸው «በል እንግዲህ፣ የመጣህበትን ተናገር» አሏቸው። ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ እትዬ ለፋብሪካዎች የመሣሪያ ምርመራ ወደሚያደርግ ድርጅት ተዛወሩና የሙቀት ካሜራ ተሰጣቸው። ይህ ካሜራ የሚያየው ብርሃንን ሳይሆን ሙቀትን ነው። ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ሽፋኑ ብቻ ይከፈታል፤ የላላ ብሎን፣ ቅባት ያለቀበት ኩሽኔታ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ገመድ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። «ማሽን እንደ ሰው ነው» ይሉ ነበር፤ «ድንገት ሞተ ይባላል እንጂ ቀድሞ ያተኩሰዋል።» ሳሙና ፋብሪካ፣ ዱቄት ፋብሪካ፣ የቀዝቃዛ መጋዘን፣ የሆስፒታል ጄኔሬተር፣ ያልገቡበት አልነበረም። ቤታቸው ውስጥ ግን ካሜራ አላስፈለጋቸውም። ልጆቻቸው ደብተር ዘርግተው «ስናጠና ነበር» ሲሏቸው መዳፋቸውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ አሳርፈው ዝም ብለው ይስቁ ነበር።

በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳሉ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ለምርመራ ጠራቸው። የፈረቃው ኤሌክትሪሺያን ሳይስቅ የማያወራ ሰው ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ «ሳቂታው» ይለዋል። ሲቆም አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የማድረግ ልማድ ነበረው። ዋናውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከፈተላቸውና ከኋላቸው ቆመ። በካሜራው ላይ አንዱ የገመድ መጋጠሚያ ነጭ ሆኖ ታየ። እትዬ ፎቶውን አንሥተው፣ ሳቂታውን አስከትለው ወደ ፋብሪካው ኃላፊ ሄዱ።

«መብራቱ ዛሬውኑ ጠፍቶ ይህ ብሎን መታሰር አለበት» አሉ።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። «እህቴ፣ ጋኖቹ ሙሉ ናቸው፤ አሁን ካቆምን ሳሙናው ውስጣቸው ይረጋብናል። እሑድ ባዶ ነን። እስከ እሑድ አይቆይልንም?» ብለው ጠየቁ።

ሳቂታው ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ዓይኔን አልነቅልበትም። እስከ እሑድ አስታምመዋለሁ።»

እትዬ ጭነቱ እንዲቀነስ፣ ሰሌዳውንም ማንም እንዳይከፍተው አስጠንቅቀው፣ እሺ ብለው ወጡ። እሺ ማለት አልነበረባቸውም። ይህ የእህታቸው ቃል አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲሉት የኖሩት ነው።

እሑድ ሳይደርስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚቃጠል ነገር ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሳቂታው ምን እንደሆነ ለማየት ሽፋኑን ከፈተ። የኤሌክትሪኩ ብልጭታ ፊት ለፊት አገኘው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ከቀብሩ ጥቂት ቆይቶ የሳቂታው እናት እትዬ ወደሚሠሩበት ድርጅት መጡ። እትዬ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅተው ተነሡ። እናትየው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጄን መጨረሻ ላይ ፎቶ ያነሣሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አሳዪኝ» አሏቸው።

«እማማ፣ እኔ ያነሣሁት ብረት ነው» አሉ እትዬ።

«እሱም እዚያው ነበር ተብያለሁ። አሳዪኝ።»

እትዬ ፎቶውን ከፈቱት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዴት ልብ እንዳላሉት አያውቁም። የሰሌዳው የጀርባ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብረት ደግሞ ለካሜራው የሰውን ሙቀት እንደ መስታወት ይመልሳል። አዲስ ገቢዎችን ሲያሠለጥኑ «የራሳችሁን ጥላ አይታችሁ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ» የሚሉት ለዚህ ነበር። ከነጣው መጋጠሚያ አጠገብ፣ ከእሳቸው ጥላ ትከሻ በላይ፣ ዓይንና አፍ የሌለው ቢጫ የሰው ቅርጽ ቆሟል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጓል።

እናትየው ጣታቸውን በምስሉ ላይ አሳረፉ። «ፊት የለውም» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «እሱ ነው። ሲቆም እንዲህ ነው። ይሄ ቢጫው ምንድን ነው?»

«ሙቀቱ ነው፣ እማማ።»

«ሙቀቱ» ብለው ደገሙት እናትየው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ የምናውቃቸው እትዬ አልሆኑልንም። ሲሠሩ ማንም ከኋላቸው እንዲቆም አይፈቅዱም። ቤት ሲገቡ ሳይቀመጡ ግድግዳውን፣ ሶኬቱን፣ የመብራት ማጥፊያውን እየዳሰሱ ይዞራሉ። ባለቤታቸው ይህ ነገር ምንድን ነው ብለው አንድ ቀንም አልጠየቁም፤ አብረዋቸው እየዞሩ ይዳስሱና «ቀዝቃዛ ነው፣ እትዬ» ይሏቸው ነበር።

በዓመቱ ገደማ እትዬ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ብቻቸውን ሰሌዳ ከፍተው ሲመረምሩ፣ ካሜራውን ጥለው ሮጡና ዋናውን ማጥፊያ መቱት። ፋብሪካው በሙሉ ቆመ። ሰሌዳው ብሎን በብሎን ተፈተሸ፤ የላላ አልተገኘም፣ የጋለም አልተገኘም። የፋብሪካው ባለቤት ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «እብድ ሴት ነው የላኩብኝ» አሉ። እትዬ «ተሳስቻለሁ» ብለው ወጡ። ታናሽ እህታቸው ልትወስዳቸው ስትደርስ በበሩ ደፍ ላይ፣ ዱቄት ለብሰው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ምን አየሽ?» አለቻቸው።

«ጥላዬን።»

«ጥላሽንማ ስንት ዘመን ስታዪው ኖረሽ የለ?»

«ሁለት ነበርን» አሉ እትዬ።

ወደ ክፍሉ ከእሳቸው በቀር ሰው እንዳልገባ ጥበቃው ተናግሯል። እህታቸው ነገሩን እንደሰማችው አስፍራዋለች፤ ልትፈታው ግን አትደፍርም።

እትዬ ሥራውን ሊተዉ ቆረጡ። አስቀድመው ግን ወደ ሳቂታው እናት ቤት ሄደው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። እናትየው ድንች እየላጡ ሰሟቸው። «ልጄ ሰው ማስፈራራት አያውቅበትም፤ ያሳየሽ ድካም ነው። ብዪ፣ ተኚ፣ ከዚያ ሥራሽን ሥሪ» አሏቸው። ልጣጩን ሰብስበው ተነሡ። በር ድረስ ሲሸኟቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «እንዲያው ምናልባት ተመልሶ ከመጣ፣ እናትህ ደህና ናት በዪልኝ» አሏቸው።

ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ እትዬ ለማንም አልተናገሩም። አብረዋቸው የሠሩ ባለሙያዎች ግን ሰሌዳ ከፍተው ካሜራውን ከማንሣታቸው በፊት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያዩ እንደነበር ዛሬም ያወራሉ። የሚጸልዩ ይመስላቸው ነበር።

ሥራውን አልተዉም። አንድ የቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የጋለ መጋጠሚያ አግኝተው ሲናገሩ፣ ሥራ አስኪያጁ እንደ ቀድሞው ሰው «እስከ ቅዳሜ እንታገሥ» አሉ። እትዬ ወንበር ጎትተው ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ። «መልካም። እንግዲያው እኔም እስከ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ» አሉና የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። ጥበቃ ተጠራ፤ ጥበቃውም ሴትየዋን ከነወንበራቸው እንዴት እንደሚያነሣ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ መብራቱ ጠፋ። ብሎኑ በጣት የሚዞር ሆኖ ተገኘ፤ የገመዱ ልባስም ሲነካ እንደተቃጠለ ወረቀት ፈረሰ። ያልተቃጠለ ቤት ባለቤት አያመሰግንም፤ ሥራ አስኪያጁ እስከ በሩ እንኳ አልሸኟቸውም። እትዬ ግን ያን ቀን እያንጎራጎሩ ወደ ቤት ገቡ፤ ቤት የነበረችው እህታቸው ድምፃቸውን ከስንት ጊዜ በኋላ ሰምታ ወጥ ቤት ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «ነገ» ያላቸው ሁሉ ወንበር ሲጎተት ይሰማ ነበር። ሠራተኞችም «ባለወንበሯ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በዚህች ስም አልተቆጡም።

ባለቤታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞት ተለዩዋቸው። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ብቻቸውን ይዳስሱ ጀመር፤ «ቀዝቃዛ ነው» የሚላቸው ስላልነበረ ደግመው ይዞሩ ነበር። በኋላም በልብ ድካም ታመው፣ በሐኪምም በቤትም ሲረዱ ቆዩ። በሕመማቸው ጊዜ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው የሳቂታው እናት በትራቸውን ተደግፈው እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ሲጨዋወቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስለ ድንች ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም ነው።

እትዬ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ነርሷ አይታ «አልፈዋል» ስትል፣ እናትየው ይዘውት የነበረውን እጃቸውን አልለቀቁም። «የልጄን አልደረስኩበትም፤ ይህችኛዋን ተዉኝ፣ ገና ትሞቃለች» አሉ። የእትዬ ልጆችም እህታቸውም ቆመው ጠበቁ። እናትየው እጁን በብርድ ልብሱ ላይ መልሰው ያስቀመጡት ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ወለሉ ላይ ስትደርስ ነው።

እትዬ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድሞቻቸው፣ ታናሽ እህታቸውና ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት የሳቂታው እናት በሐዘን ላይ ናቸው። የፍጥረት ጌታ ነፍሳቸውን ሥጋትና ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።