ዛሬ እያየችኝ ወጣሁ

ፈትያዬ፣

የዛሬ ጠዋቱን ሳልረሳው ቶሎ ልንገርሽ። ጫማዬን ፈለግኩ፣ አንዱ የለም። ሁሌም አንዱ ነው የሚጠፋው። ከውሃ ጀሪካኑ ኋላ አገኘሁት፣ አጠለቅኩት፣ ቦርሳዬን ያዝኩ። እንደ ሌላው ቀን በጎረቤታችን በሐጂያ ነስሪያ ማድቤት በኩል ሹልክ ማለቱን ትቼ ልጃችን ፊት ቁጢጥ አልኩና ‹‹ኢማን፣ አባዬ ሥራ ሊሄድ ነው። ቀትር ላይ የዙሁር አዛን ሲል እመጣለሁ። ቻው›› አልኳት። ጮኸች። ጀጎልን በሙሉ የሚቀሰቅስ ጩኸት። ሱሪዬን ይዛ አለቅም አለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ለሐጂያ ሰጠኋት፣ ወጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ በሩን ከፈተ። አንዷ ‹‹አንተ ሰውዬ፣ የሙት ልጅ እያስለቀስክ የት ልትደርስ ነው?›› አለችኝ። ሌላዋ ‹‹ከረሜላ ስጣትና ጥፋ እንጂ፣ ይሄም ይጠፋሃል?›› አለች። ልመለስ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። አልተመለስኩም። መታጠፊያው ላይ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩላትና ሄድኩ። ከጀጎል መውጫው ሰንጋ በር እስክደርስ ጩኸቷ ይሰማኝ ነበር።

ግር ሊልሽ ይችላል። አንቺ የምታውቂው እኔ ልጅ ስታለቅስ አብሬ የማለቅሰውን ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከተለያየን ስምንት ወር አለፈ። አላህ ይርሐምሽ። በቤቱ የተለወጠው ብዙ አይደለም። አልጋውን ከግድግዳው ጋር አስጠግቼዋለሁ፣ ኢማን ከእኔ ጋር ስለምትተኛ እንዳትወድቅ ብዬ ነው። ልብሶችሽን እህትሽ ዘሃራ ለሰደቃ ሰጠቻቸው፣ ብርቱካናማውን ሻሽ ብቻ አስቀረሁ። የበሩ መቀርቀሪያ ተሠርቷል፣ ስንት ጊዜ ስትነዘንዢኝ የነበረው። ውሃ እንደ ድሮው በፈረቃ ነው፣ እኔም እንደ ድሮው አዲሱ ከተማ ቤት ለቤት እየዞርኩ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ። ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪ አንባቢ መጣ ብሎ ሰው እንደ ድሮው ይሰድበኛል።

የተለወጠችው ኢማን ናት። አራት ዓመቷን ደፈነች። አንቺ እያለሽ አፏ አይዘጋም ነበር፣ ከዶሮም ከድመትም ጋር ታወራለች ብለሽ የምትስቂባት ልጅ ከእኔ በቀር ከሰው ጋር መነጋገር ተወች። ካቆመች የቆየችውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረች። ከልጆች ጋር አትጫወትም። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ካልተቀመጥኩ አትበላም፣ እኔ እንቅልፍ ካልወሰደኝ አትተኛም። ከዚያ ደግሞ ጫማው አለ። በየጠዋቱ አንዱን ትደብቃለች። አንድ ቀን በውሃ በርሜል ውስጥ አገኘሁት፣ እርጥቡን አድርጌ ዋልኩ።

ቆጣሪ የማነብባቸው ቤቶች ሴቶች ሁሉ ሐኪም ሆኑልኝ። አንዷ ‹‹ዓይን ነው፣ ቁርኣን አስቀራባት›› አለች። አስቀራሁ፣ ሸሁም ዱዓ አደረጉላት። ልቤ ትንሽ አረፈ፣ በማግስቱ ግን ጫማዬ የለም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር አለች። ማሩን ላሰችው፣ አዝሙዱን ተፋችው። አንዷ ደግሞ ‹‹አግባ!›› አለችኝ። የእሷን ቆጣሪ ፈጠን ብዬ አንብቤ ወጣሁ።

በመጨረሻ ዘሃራ መጣች። ‹‹ልጅቷን ድሬ ጠያራ፣ ገጠር ቤቴ ልውሰዳት። ልጆች አሉ፣ ፍየል አለ። ወር ሳይሞላ እናቷን ትረሳለች›› አለችኝ። ደግ አስባ ነው፣ ክፋት የለባትም። እኔም እሺ አልኩ። ለጁምዓ ተቀጣጠርን። ፈትያ፣ ልጅቷ አንዴ ከሄደች ተመልሳ የእኔ እንደማትሆን አውቅ ነበር። ግን ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም የሚለው በሁሉም ፊት ላይ ይነበባል፣ እኔም ቀስ በቀስ አምኜው ነበር።

ከጁምዓ በፊት ማክሰኞ ሳል ይዟት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ለመንገዱ ሳሏን ላሳክም ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ነርሷ ሲስተር ትዕግስት ትባላለች፣ ወጣት ናት። ደረቷን አዳመጠች፣ መዘነቻት፣ ክንዷን ለካች። ክብደቷ መቀነሱን አይታ ካርዱን ሁለቴ አየችው። ከዚያ ቀበቶዬን ጭምድድ አድርጎ የያዘውን የኢማንን እጅ አየች። ‹‹መርፌ ፈርታ ነው›› አልኳት። ‹‹መርፌውንማ አላየችውም። የምታየው በሩን ነው›› አለችኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር፣ ቢሆንም ወንበር ሰጠችኝና በተራ ትጠይቀኝ ጀመር። በተራ ሲጠይቁኝ ደስ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ። ምን ትበላለች፣ እንዴት ትተኛለች፣ ምን ያስፈራታል፣ ስትፈራ ወደ ማን ትሮጣለች፣ ከማን ጋር ትጫወታለች፣ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ። እኔ ስመልስ ዓይኗ ግን ኢማን ላይ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አለ፣ ላዩ ላይ ቆርኪ፣ የፕላስቲክ ኩባያና የጨርቅ አሻንጉሊት። ኢማን አሻንጉሊቷን ኩባያ ሥር ከተተችና በሁለት እጇ ተጫነችው፣ እንዳትወጣባት።

ሲስተር ወረቀቷን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ‹‹ነይ ኩኩሉ እንጫወት›› አለቻት። መጀመሪያ ራሷ ጨፍና ‹‹ኩኩሉ!›› ስትል ኢማን ከጉልበቴ ሳትላቀቅ በቀስታ ‹‹አልነጋም›› አለች። ለሌላ ሰው ድምጿን ስታሰማ ከሰማሁ ቆይቶብኝ ስለነበር እንዳላበላሸው ትንፋሼን ያዝኩ። ተራዋ ደርሶ ጨፍኚ ስትባል ግን እምቢ። እጇን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች፣ በጣቶቿ መሃል አፍጥጣ ታየናለች። ሲስተር ጣቶቿን ገጠም ልታደርግላት ስትል ኢማን ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር ወዲያው ተወችው፣ አልተጫነቻትም። ቀና ብላ ‹‹እናቷ ስትሄድ አይታለች?›› አለችኝ።

ያን ቀን አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ባጃጁ ሆስፒታል ሊያደርሰን ሰንጋ በር ቆሞ ይጠብቀናል። ሐጂያ ‹‹ነይ ጫጩቶቹን እንመግብ›› ብለው ኢማንን ወሰዷት። አንቺ በማድቤቱ በኩል ወጣሽ። ‹‹ካየችኝ አትለቀኝም፣ እኔም አልችል›› አልሽ። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው፣ የእኔም እናት ገበያ ስትሄድ እንዲሁ ነበር የምትጠፋብኝ። ደግሞ በጥቂት ቀን ትመለሻለሽ ብለን ነበር፣ የተመለሰው ግን ሬሳሽ ነው። ጀናዛው ሲነሳ ልጅ አትይ ተባለና ተዕዚያው፣ ለቅሶው፣ እስኪያልፍ ሶፊ ገጠር ዘመድ ቤት ላክናት። ስትመለስ አንቺም የለሽ፣ ልብሶችሽም የሉም።

ይሄንን ለሲስተር ነገርኳት። ‹‹ታዲያ የት ሄደች አላችኋት?›› አለች። ቆጠርኩላት። እኔ ድሬዳዋ ለሕክምና ሄዳለች አልኩ። ዘሃራ ‹‹ጅዳ ናት፣ ቀሚስ ይዛልሽ ትመጣለች›› አለች። ሐጂያ ‹‹ጀነት ናት›› አሉ። ሲስተር ‹‹እና የቱ ጋ ትፈልጋት?›› አለች።

ያስረዳችኝን በራሴ አፍ ልንገርሽ። ኢማን የተማረችው፣ ሳታየው የወጣ ሰው እንደዚያው ይቀራል ማለትን ነው። ስለዚህ ዓይኗን አትጨፍንም። ስለዚህ ቀድማኝ አትተኛም። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሹልክ ባልኩ ቁጥር ትምህርቱን እደግምላታለሁ። ስለ ጫማው ሲስተር ‹‹ባለጌ ሆና አይደለም፣ ዘብ ቆማልዎት ነው›› ብላ ፈገግ አለች። እኔ ግን ‹ያን ሁሉ ጠዋት ተቆጥቻታለሁ› እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ።

የምናደርገውንም ነገረችኝ። ስወጣ እንድነግራት፣ የት እንደምሄድና መቼ እንደምመለስ። ሰዓት አታውቅም፣ አዛን ታውቃለች፣ በአዛን ይንገሯት አለች። ብታለቅስ ታልቅስ፣ ያሉት ሰዓት ላይ መመለስዎን ካየች ትለምደዋለች። በየቀኑ ትንሽ ጊዜ ወለል ላይ ተቀምጬ አብሬያት እንድጫወት፣ ጨዋታውን እሷ እንድትመራው። አልጋ ብታረጥብ እንዳልቆጣት። ስለ አንቺ ሁላችንም አንድ ነገር እንድንነግራት፣ እውነቱን፣ በአጭሩ። ‹‹አሁን ደግሞ ቤቷን አትለውጡባት›› ስትል ለዘሃራ የሰጠኋት የጁምዓ ቀጠሮ ትዝ አለኝ። በሁለት ሳምንት መልሼ እንዳመጣት ቀጠረችኝ። ካልተሻላት ሆስፒታል ላሉ ለዚህ ለተማሩ ሰዎች እንደምትጽፍልኝም ነገረችኝ። ልወጣ ስል ‹‹እርስዎንስ ማን ያይዎታል?›› አለችኝ። ቀልድ ልመልስላት አስቤ ነበር፣ ኢማንን አቅፌ ወጣሁ።

ከሥራ የሳምንቱን ቀሪ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ስለማመደው ረጅም ነበር፣ ሲወጣ አጭር ሆነ። ‹‹እማዬ ሞታለች። በጣም ታመመች፣ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልዳነችም። ተመልሳ አትመጣም። አንቺ ምንም ስላጠፋሽ አይደለም። እኔ አለሁ።›› ሐጂያ ከውስጥ ‹‹አስተግፊሩላህ፣ ምን ነካው ይሄ ሰው!›› ሲሉ ሰማኋቸው። ኢማን ‹‹ይርባታል?›› አለች። አይርባትም አልኳት። ‹‹ይበርዳታል?›› አይበርዳትም። ትንሽ ቆይታ ‹‹ዳቦ ስጠኝ›› አለች። ሰጠኋት። እኔ እንደቆምኩ በላችው።

በማግስቱ ዘሃራ የኢማንን ልብስ የምትከትበት ፌስታል ይዛ ከች አለች። ነርሷ ያለችኝንና ለኢማን የነገርኳትን ስነግራት ‹‹ሞት? ለአራት ዓመት ልጅ? ልቧን ልታፈነዳው ነው! ነርሷ ለመሆኑ ወልዳ ታውቃለች?›› ብላ ጮኸችብኝ። እህትሽን እንደምፈራት ታውቂያለሽ። ‹‹ልጄ አትሄድም›› አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ ‹‹ምን አልክ?›› አለችኝ፣ ደገምኩት። አኮረፈች። ሻይ አልጠጣም አለች፣ ቆይታ ጠጣች። ከዚያ ኢማን ዞር ስትል ጠብቃ በቀስታ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ አንዱ ጫማዋ የለም።

መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት፣ ‹‹ይቺ የሰይጣን ልጅ!›› አለች። ቀጥላ አለቀሰች። ከዚያ ኢማንን ጠራቻት። ‹‹ልሄድ ነው። እሑድ ወተት ይዤልሽ እመጣለሁ። ቻው በይኝ›› አለቻት። ኢማን አላለቻትም፣ ግን ሄዳ ጫማውን ከሙቀጫው ውስጥ አውጥታ ሰጠቻት። ዘሃራ ባዶ ፌስታሏን ይዛ ሄደች። እሑድ መጣች፣ ወተቱንም አመጣች። አሁንም ነርሷን አልወደደቻትም፣ ስለ ድሬ ጠያራ ግን አላነሳችም። ጅዳ ማለትንም ተወች።

እንግዲህ ዛሬ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ነበር። በየቤቱ ቆጣሪ ሳነብ ቁጥሩ አልታየኝ አለ፣ ሁለቴ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ባጃጅ ዘገየብኝና ሙአዚኑ ሲጀምር ገና ሰንጋ በር ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ በዚያ ጠባብ መንገድ ሮጥኩ። አንዱ ነጋዴ ‹‹ሌባ እያባረርክ ነው ወይስ ጅብ እያባረረህ?›› እያለ ሳቀብኝ። ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሐጂያ ‹‹ትንሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ጫጩቶቹን ስትቆጣ ዋለች›› አሉኝ። ኢማን አየችኝና ‹‹አዛን አለ›› አለች። አዎ አለ፣ መጣሁ አልኳት። ወደ ጫጩቶቿ ሄደች። ተከትላኝ አልገባችም። ብቻዬን ገብቼ ውሃ ጠጣሁ።

ሁሉ ተስተካከለ እያልኩሽ አይደለም። ዛሬም አልጋው ረጥቦ ነው ያደረው። ነገ ጠዋትም ትጮኻለች። ሲስተር ጋ ስንመለስ ሚዛኑ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ከአሁኑ እሱን እያሰብኩ እጨነቃለሁ። ግን ልጅሽ እዚሁ ናት፣ ከእኔ ጋር።

አንቺን ደብቀን አንኖርም። ስምሽን ቤት ውስጥ እንጠራለን። ሻሽሽን ትራሷ ላይ አንጥፌላታለሁ። በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ ትንሽ ስትጠና ቀብርሽ ጋ እወስዳታለሁ።

ቅዳሜ ቀሚሷን ሳለብሳት ‹‹እማዬ ለምን ቻው አላለችኝም?›› አለችኝ። እንዳታለቅሺ ብላ ነው ልላት ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ‹‹አስቤ እነግርሻለሁ›› አልኳት። እሺ አለች። ይሄ መልስ አንቺ ልትከፍዪው የነበረ ዕዳ ነው፣ አሁን እኔ ላይ ነው። እስካሁን አልከፈልኩትም።