ያልተፈቀደ በሽታ ስለ መመዝገብ

ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.
ቆቦ

ለተከበሩ የድሬሰሮች ማሠልጠኛ ዲሬክተር
ደሴ

ጉዳዩ፦ የስንብት ደብዳቤዬ እንደ ምስክር ወረቀት ተቆጥሮልኝ ለድሬሰርነት ሥልጠና እንድመዘገብ ስለ መጠየቅ

አመልካች መይሙና ከማሉዲን የቆቦ ተወላጅ ስሆን፣ በአንዲት የመንገድ ዳር ክሊኒክ ሁለት ዓመት በጽዳት አገልግያለሁ። የክሊኒኳን ስም ለይሉኝታ ትቼዋለሁ። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩. በቆቦ የተለጠፈው ማስታወቂያችሁ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ስድስተኛ ክፍል መጨረስ፣ ከሃያ አምስት ያልበለጠ ዕድሜ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የጠባይ ምስክር ወረቀት። ስድስተኛን ጨርሻለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። ሦስተኛውን ግን የክሊኒኩ ኃላፊ ድሬሰር ታደሰ ከልክለውኝ በምትኩ የስንብት ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ምክንያቱ «ያልተፈቀደ በሽታ በመመዝገቧ» ይላል።

፪. ሥራውን ሳላውቅ የተመኘሁት እንዳይመስልዎ። በክሊኒኩ ያለውን የሥራ ዓይነት ሁሉ ቀምሼዋለሁ። ዘበኛው ሲታመም በር ጠብቄአለሁ፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ሰው መመለስ ግን አልሆነልኝም። ካርድ አውጪው አያሌው ገበያ በሚውልበት ቀን ካርድ አውጥቻለሁ፤ ወንበር አለው፣ እግሩ ሦስት ነው። ከቆላ የሚመጡ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ ሲናገሩ አስተርጉሜአለሁ፤ ደመወዝ የለውም፣ ምርቃቱ ግን እስካሁን አላለቀም። ሐኪም ልሁን አላልኩም። ሐኪም የሚባል ሰው እዚያ እናንተ ዘንድ እንዳለ እሰማለሁ እንጂ እኛ ዘንድ ሲመጣ አላየሁም። የቀረኝ በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰርነት ብቻ ነው።

፫. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በእኛ አገር ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው እጁን ከጎድኑ ሥር አድርጎ «ልቤን አሞኛል፣ ይሞረሙረኛል» ይላል። ራበኝ ማለት ያሳፍራላ! ድሬሰር ታደሰ ከተማ ያደጉ ሰው ስለሆኑ፣ ሰዎቹ ልብ ሲሉ የደረቱ ልብ መስሏቸው ማዳመጫቸውን ደረት ላይ ያደርጋሉ። በሦስት ወር ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባት ሰው «የልብ ሕመም» ተብሎ ተመዘገበ። ነገሩን ሁለት ጊዜ በትሕትና ብነግራቸው፣ መጥረጊያዬን እንድይዝ መከሩኝ።

፬. ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄደ። በመልሱም የልብ ኪኒንና በር ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ መጣ፤ ሕዝቡ ቅባት ከበዛበት ምግብ እንዲቆጠብ ያዛል። ማሳሰቢያውን የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሕዝባችንም ትእዛዙን በሚገባ ፈጽሟል። እንዲያውም ትእዛዙ ሳይመጣ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የጀመረው።

፭. ድሬሰር ታደሰ ለስብሰባ ወልድያ በሄዱበት ቀን መዝገቡን እንድሞላ አዘውኝ ነበር። የዚያን ቀን አርባ ሰው መጣ። አርባዎቹም ልባቸውን ይላሉ። እኔም «የበሽታው ዓይነት» በሚለው ሥር አርባ ጊዜ «ረሃብ» ብዬ ጻፍኩ። ወላሂ፣ እጄ ሌላ ቃል ለመጻፍ አልታዘዝ አለኝ።

፮. ሲመለሱ መዝገቡን አይተው ፊታቸው ገረጣ። እንዲህ የሚባል በሽታ በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ፣ ቃሉም በበላዮች ዘንድ እንደማይወደድ አስረዱኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እንጀራቸውን የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሰርዤ «የምግብ ፍላጎት ማጣት» ብዬ ብጽፍ ይቅር እንደሚሉኝም ነገሩኝ። እምቢ አልኩ። ከአርባው ሰው ፍላጎት ያጣ አንድም አልነበረም፤ ያጡት ምግቡን ነው። በማግስቱ ተሰናበትኩ።

፯. እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱኝ። ድሬሰር የሚመረጠው በሽታ በመለየት ከሆነ፣ አርባ ሰው አይቼ አርባውንም ለይቻለሁ፤ ለዚህም የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ያለበት ማስረጃ በእጄ አለ። ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት ከየት አመጣለሁ? ሥልጠናውን የምፈልገው ለነጩ ካፖርት አይደለም፣ ቢሰጠኝ ባልጠላም። የጽዳት ሠራተኛ የጻፈችው ይሰረዛል። ድሬሰር የጻፈው ግን ደሴ ይደርሳል። እኔ የጻፍኩት እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ በመጪው መስከረም ከሚገቡት ሠልጣኞች ጋር እንድመዘገብ፣ ፈተናም ካለ ቆቦ ድረስ መጥታችሁ በሕዝቡ ፊት እንድትፈትኑኝ፣ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

መይሙና ከማሉዲን
(ፊርማ)

አባሪ፦
— የስድስተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ አንድ ገጽ
— የስንብት ደብዳቤ ግልባጭ፣ አንድ ገጽ
— ለእናቴ ለወይዘሮ ዓሊማ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ እንዲወስዱ የታዘዘ የልብ ኪኒን፣ ሃያ አንድ ፍሬ። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ መልሻለሁ። ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ አንድም አልጎደለም። እናቴ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ምግቡን ሲጠብቁ ነበር።