የአቶ አምሐ ቃል ከእኔ አፍ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን፤ ሞጣ።

አባየ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎ? ዓይንዎስ ድጓውን ያነብልዎታል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጫለሁ። ታንኳዎቹ በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ግራ ይገባኛል።

በልብስ ስፌት ፋብሪካችን፣ ለመጸዳጃ ስንነሳ እንኳ ሰዓት የሚይዙብን አለቃችን አቶ አምሐ ተዛወሩ። በምትካቸው ወይዘሮ ፅጌ ማርያም መጡ። በመጀመሪያው ቀን ሰብስበውን «ሥራውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ምን ይሻሻል?» ቢሉን ማንም ትንፍሽ አላለም። መናገር ረስተን ነበር። እሳቸው ግን በየማሽኑ ከጎናችን እየተቀመጡ ጠየቁን፤ ቀስ በቀስ አንደበታችን ተፈታ። ጓደኛዬ ወለተ ሩፋኤል የሸሚዙ ኪስ ከእጅጌው ቀድሞ ቢሰፋ እንደሚቀል ተናገረች፤ እንዳለችውም ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ እኔን ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አጣድፎን ሳለ ወለተ ሩፋኤል እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። አባየ፣ «ይህ እጅ ነው ወይስ እግር!» ብዬ ጮህሁባት። ቃሉ የአቶ አምሐ ነው፤ ስንቴ አልቅሼበታለሁ። ሁሉም ማሽናቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ፣ «አንቺን እንዲህ ሲሉሽ ስፌትሽ ይቃና ነበር?» ብቻ አሉኝ። በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ወጥቼ ውኃውን ሳይ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ፤ አንድ ሰው ከፊቴ ቆሞ ይጮኻል፤ ቀና ብል ፊቱ የእኔው ነው።

ተመልሼ ወለተ ሩፋኤልን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም «ይቅር ብያለሁ፤ አሁን ነይና እጅጌውን አብረን እንተርትረው» አለችኝ። እስከ መውጫ ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን ተረተርን።

አባየ፣ እርስዎ ያን ሁሉ ደቀ መዝሙር ሲመሩ ድምፅዎን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። እንዴት እንደቻሉት ይጻፉልኝ። ተሹሞ ማዳመጥ ለካ ከባድ ኖሯል።

እማየን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ለፍሬ ስብሐት ሰላምታዬ ይድረስ። ታናሽ እህቴን ሊድያን፣ ምክሯን የምሻበት ነገር አለና ትጻፍልኝ ይበሏት። ወንድሜን ይትባረክንም፣ ታላቅ ነኝ ብሎ አይቆጣት፤ አስቀድሞ ይጠይቃት ብላለች የሺአረግ ይበሉልኝ።

ልጅዎ የሺአረግ
ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ
ግንቦት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.