የመዝጋቢዋ እናት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሰብሌ፣ ሻርጃ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ? እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽስ እንቅልፍሽን አይሻሙሽም? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእመቤታችን አማላጅነት ደኅና ነን። እማዬን የሚያማት ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። እኔን የሚያመኝንም አንድ ቀን ጠይቂኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን የሙሐሲን ልጅ ኡምኩልሱም ናት፤ ፈቃዷ ስላለቀ ዒድን እንኳ ሳታሳልፍ ልትመለስ ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ስትደውዪ ስልኩ ከእማዬ እጅ አይወጣም፣ እኔም በስልክ የጀመርኩትን ሁሉ በጠብ ነው የምጨርሰው።

እንደምታውቂው ለምርጫው መዝጋቢ ሆኛለሁ። ጣቢያችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። መጀመሪያ ሰሞን ዝንብ እሽ ስንል ነበር የምንውለው። አንዱ መታወቂያዬ ጠፋ ይላል፣ አንዱ እርሻ ላይ ነኝ ይላል፣ አንዷ ደግሞ ባሌ ተመዝግቧል አይበቃም ወይ ትላለች። የንስሐ አባታችን ካርድ ያወጡ ለት ግን ወንዱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ቀሩ። የቀሩትም በእማዬ ነው፤ የማኅበሯ ሴቶች የመዝጋቢዋ እናት ሳትመዘገብ እኛን ምን አጣደፈን ይላሉ አሉ።

ስንቴ ለመንኳት መሰለሽ! አንድ ማታ እግሯን እያጠብኩ ብለምናት፣ ልጄን ለሰው አገር ለዳረገ አገር ደግሞ ምን ካርድ አወጣለሁ አለችኝ። እኔ ልጇ እግሯን ይዤ ቁጭ ብዬ! ሰብሌዬ፣ ቀናሁብሽ። ሌላ ስም አላወጣለትም። አንቺ የላክሽው ሻርፕ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ይሳማል፣ እኔ የገዛሁላት ነጠላ ጭቃ ለጭቃ ገበያ ይወርዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ተረቱ አልሠራም።

ባለፈው ስትደውዪ፣ እዚያ ብኖር እኔም እመዘገብ ነበር ብለሻት የለ? በማግስቱ ያንኑ ነጠላ አጥባ ለብሳ፣ ጥላዋን ይዛ ጣቢያው በር ላይ ብቅ አለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አብሮኝ ለሚሠራው ለአለኸኝ፣ እናቴ መጣች ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። እሷ ከጉያዋ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ያንቺን አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ። ሰብሌን ጻፊልኝ አለችኝ።

እንዴት እንዳሰበችው ገብቶኛል። ከሄድሽ ወዲህ የማርያም ማኅበር ድርሻሽ ተቋርጦ አያውቅም፤ ዳቦሽን ተቀብላ ትመጣለች፣ ተራሽ ሲደርስ ትደግስልሻለች። ምርጫውንም እንደ ማኅበሩ ቆጥራው ካርድሽን ልታስቀምጥልሽ፣ ድምፅሽንም ልትሰጥልሽ ነው። ባለቤቱ በአካል ካልመጣ አይሆንም ብላት በሰው ፊት የእህትሽን ድርሻ ነፈግሻት አለችኝ። እሺ የራስሽን ስም ልጻፍ ብላት ሰብሌ የሌለችበት መዝገብ ለኔ ምኔ ነው ብላ ወጣች። እሷን አይተው መጥተው የተሰለፉት የማኅበሯ ሴቶችም ተከትለዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ራት ሳቀርብላት ትበላለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም።

ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ኡምኩልሱም እንደደረሰችልሽ ለእማዬ ደውዪላት። አብሽሪ፣ እኔ አገሬ ስገባ እመዘገባለሁ፣ አንቺ ግን ለራስሽ ተመዝገቢ በያት። እኔ ስላት የማይሰማት ነገር አንቺ ስትያት ይሰማታል። እሷ ከመጣች ሴቶቹም ይመጣሉ። አንቺን ይህን መለመን እንዴት እንደመረረኝ እግዜር ይወቀው።

ወንድማችን ጋሹ ከነባለቤቱ ከነልጆቹ ሰላም ብሎሻል። ሙሐሲን ዱአ እያደረግሁላት ነው በያት ብሎኛል። እማዬማ የሷን ሰላምታ በምን ቃል ልጻፈው፤ አንቺው ታውቂዋለሽ። እዚያ አብራሽ ያለችውን አሚራን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር አደራ። መደወልሽን ለእኔ እንዳትነግሪኝ። በሩ ላይ ስትቆም ሳያት ለእኔ ብላ የመጣች ይምሰለኝ።

ታላቅ እህትሽ ወርቂቱ

መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.