በራስህ አፍ ንገራት

ውድ ኡበይድ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው። እንጂ ስምህን ስጽፍ እንኳ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

መልእክትህ ደርሶኛል። «ዘንድሮ ረመዳን የጥናታችን ሁለተኛ ዙር ነው፤ የሮቢትን የስኳር ታማሚዎች አሰባስቢልኝ፣ አንቺን ይሰማሉ» ትላለህ። ስለ እማዬ አንድ ቃል የለበትም። እናትህ አንተን ወልዳ ስትሞት ከእኔ እኩል ያጠባችህን፣ «የጡት ልጄ ዶክተር ሆነልኝ» እያለች ቆቦ ገበያ ለማታውቀው ሰው ሁሉ የምታወራልህን ሀሊሜን ረሳሃት?

ሼሁም፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም «ስኳር አለብሽ፣ አትጹሚ» ብለዋት እሺ ብላ ነበር። ቢከፋትም አልተከራከረችም፤ በጾሟ ፈንታ ሚስኪን ታበላ ነበር። ያንን አምና ለጥናትህ ስትል ያፈረስከው አንተ ነህ። «እማ፣ እኔ እያለሁልሽ ማን ይከለክልሻል? ኪኒኑን ማታ ትወስጃለሽ፤ ቀን ቀን ደምሽን እንለካለን፤ ካነሰ ታፈጥሪያለሽ» አልካት። በደስታ አለቀሰች። ከዚያ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ ሁሉን ደበቀችህ። ስቆጣት «ዝም በይ! የልጄን ጥናት ላበላሽበት ነው?» ትለኝ ነበር። እናት ልጇ ፊት አመመኝ እንደማትል ታውቃለህ፤ እዚሁ አይደል ያደግከው? አንተ ግን እሺታዋን ብቻ ነው የፈለግከው።

ጾማ ሳለች ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ወድቃ አረፋ ስትደፍቅ ደወልኩልህ። መጀመሪያ የጠየቅከኝ «ስንት ይላል? ለካችሁት?» ብለህ ነው። በሕይወት መኖሯን አልጠየቅክም።

ቀጥሎ የጥናቱን ውጤት ልታሳየን ቆቦ አዳራሽ ጠራኸን። ከእማዬ ጋር ተቃቅፈህ የተነሳኸውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራኸው፤ ሰው አጨበጨበልህ። ትንሽ ቆይተህ «አንዲት ተሳታፊ በራሳቸው ፈቃድ አቋርጠዋል፤ በተቀሩት ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም» አልክ። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር አስመለሰኝ። በራሳቸው ፈቃድ! ቀኝ እጇ እስከዛሬ እንጀራ መቁረስ አቅቶታል። «ተመራማሪው» እያሉ ሲያወድሱህ በሰማሁ ቁጥር ያ እጇ ይታየኛል።

ታማሚዎቹን እንዳልከው ሰብስቤያቸዋለሁ። የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ አንዳቸውም አይመጡልህም።

ያቃተኝ እማዬን ነው። ረመዳን ሊገባ ነው፤ እጾማለሁ ብላ ተነስታለች። ሼሁ ቤት ድረስ መጥተው ለመኗት፣ ነርሷም እኔም ለመንናት። «ኡበይድ ጹሚ ብሎኛል፤ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ያኔ የወደቅኩት እሱ ያለኝን በደንብ ስላልጠበቅኩ ነው፤ አሁን ኢንሻአላህ እጠብቃለሁ» ትላለች። ጥፋትህንም ለራሷ ወስዳልሃለች። አሁን ብትወድቅ የምትነሳ አይመስለኝም፤ ነርሷም ይህንኑ ነግራኛለች።

ስለዚህ የምጸየፍህን አንተን ልለምንህ ነው። በስልክ አይሆንም፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ አንተ መሆንህንም አታምንም። ሮቢት ና። ፊት ለፊቷ ተቀመጥና በራስህ አፍ «እማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አትጹሚ» በላት። ለእኔ ይቅርታ አትበለኝ፤ አልፈልገውም። በሩን ከፍቼልህ እወጣለሁ።

የጡት እህትህ
ቶይባ